የእግርና የጨው ሚኒስትር

በዚህ ከተማ ማንንም የማይፈራ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ አላጋጠመቻችሁም ማለት ነው። የታክሲ ረዳት ትራፊክ ይፈራል። ትራፊኩ አለቃውን ይፈራል። አለቃው ሚስቱን ይፈራል። ነርሷ ግን የሁሉንም ደም ግፊት ለክታ ስለምታውቅ የምትፈራው ሰው አልተረፈላትም። በየሰፈሩ አንዳንድ አሉ። ነጭ ጋዋን በሹራብ ላይ ደርበው፣ ቦርሳ በትከሻቸው አንግተው ሽቅብ ወደ ቤታችሁ ሲመጡ ካያችኋቸው መደበቅ አያዋጣችሁም፤ ከእናንተ በፊት የተደበቁት ሁሉ ተገኝተዋል።

የእኛዋ ሲስተር መሠረት ትባላለች። ከጤና ጣቢያ ተመድባ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያሉትን ዳገቶች የያዘችው እሷ ናት፤ ሥራዋም አዛውንቶችን በየቤታቸው እየሄዱ ማየት ነው። መታወቂያዋ ላይ የተጻፈው ማዕረግ ረጅም ስለሆነ እኛ ግቢ ውስጥ አሳጥረን "ክብርት የእግርና የጨው ሚኒስትር" እንላታለን። በእርግጥ ሚኒስትር ሲመጣ አስቀድሞ ስልክ ይደወላል። ክብርትነቷ ግን በር እንኳ አታንኳኳም።

ስትገባ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ሳሎን አይደለም፣ ወደ ማዕድ ቤት ነው። ድስቱን ትከፍታለች፣ በማንኪያ ጫፍ ወጡን ትቀምሳለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች። "ይሄ ወጥ ነው ወይስ አሞሌ?" ትላለች። ባለቤቴ ሮሐ መጀመሪያ ሰሞን በጣም ተቀይማ ነበር። ኋላ ግን ሲስተር ከታችኛው ግቢ ወጣች የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ድስቱ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ መጨመር ጀመረች። ሲስተር ይህንንም ደረሰችበት። "ሮሐዬ፣ ውሃውን ለአባባ ሳይሆን ለእኔ ነው የጨመርሽው፤ እኔ ደግሞ ምሳዬን በልቻለሁ" አለቻት።

ከቦርሳዋ ሌላ በፌስታል የተጠቀለለ የሰው ሚዛን ይዛ ትዞራለች። አዲሱ ገበያ ቆማ ታክሲ ስትጠብቅ ሰዎች በየመንገዱ ከሚመዝኑት አንዷ ትመስላቸውና "ስንት ነው?" ይሏታል። "በነጻ ነው፣ ውጣ" ትላለች። ምስኪኑ ሰውዬ በነጻ በመሆኑ ደስ ብሎት ይወጣል። ኪሎውን ሰምቶ ሊወርድ ሲል ግን ክብርትነቷ ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቷ እየተጫነች ናት። ታክሲው እስኪመጣ ድረስ ስለሚበላው፣ ስለሚጠጣው፣ አባቱ በምን እንደሞቱ ትጠይቀዋለች። በነጻ የሚባል ነገር እንደሌለ የሚገባው ያኔ ነው።

ትሕትና ደግሞ አልፈጠረባትም። "እኔ ባልኖር ግማሻችሁ ይሄኔ ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝታችሁ ነበር" ትለናለች፣ ሻይ እያማሰለች። ሻይዋ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር አለ። ስለ ስኳሩ የጠየቃት ሰው ግን እስከዛሬ አልተገኘም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኛ ሰዎች እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ ስንባል የምንመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነው። ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥርሳችንን አሞን ስናድር ደህና ነን። ጣሪያችን ሲያፈስ ደህና ነን። ጎረቤታችን ጋሽ ስብሐት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ አንድ ጊዜ በቃሬዛ ወደ አምቡላንስ እየገቡ ሳሉ ደንግጬ "እንዴት ነዎት ጋሼ?" ብላቸው "ደህና ነኝ፣ ይመስገነው፤ ልጆቹ ደህና ናቸው?" ብለውኛል። ጨዋ ሰው ሕመሙን በሰው ላይ አይጭንም ተብለን ያደግን ነን። እንዲህ ስንል እንቆይና አንድ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ታክሲ ፍለጋ ይሮጣል።

ሲስተር መሠረት ይህን መልስ አትቀበልም። ያረጀ ሰው ደህና ነኝ ሲላት ትከሻዋን ሰብቃ "ምላስዎን አልጠየቅሁም፤ እግርዎን ነው" ትላለች። በቃ፣ ሰላምታዋ ይኸው ነው። ከዚያ ካልሲ ይወልቃል። በዚህ ሰፈር ስንት የተከበሩ ሽማግሌ በዚህች ሴት ትእዛዝ ካልሲያቸውን እንዳወለቁ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

አባቴ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን ለብዙ ጊዜ አምልጠዋታል። ያመለጧት በሙያቸው ነው።

አባባ ሸማኔ ናቸው። በወጣትነታቸው ከጋሞ ደጋ መጥተው ሽሮ ሜዳ ከሰፈሩ ጀምሮ ዕድሜያቸውን የገፉት ግማሽ አካላቸውን መሬት ውስጥ አድርገው ነው። ሥራው እንዲህ ነው፤ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ሸማኔው አፉ ላይ ይቀመጣል፣ እግሩ ወደ ታች ይገባል፤ መርገጫው ያለው እዚያ ነው። ከላይ የሚታያችሁ ወገቡ፣ ሁለት እጁና ወዲያ ወዲህ የምትበረው መወርወሪያ ብቻ ናት። የአባባን ጋቢ የለበሰ ሰው ሌላ ሸማኔ አያምረውም። ይህን የምለው ልጃቸው ስለሆንኩ ወይም ሱቄ ውስጥ የምሸጠው የእሳቸውን ሥራ ስለሆነ አይደለም። እሺ፣ በሁለቱም ምክንያት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአባባ ልብ ደከመ። ልብ ሲደክም ውሃው እግር ላይ ይወርዳል፣ እግር ያብጣል፣ ሲብስ ትንፋሽ ያጥራል። ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ሐኪሞቹም አድነው መለሱልን። ወራት ሳይቆይ ተመልሰን ሄድን። እንደገናም ሄድን። ሸማኔ ሲተኛ የሚተኛው አንድ ሰው እንዳይመስላችሁ። የአልጋውና የመድኃኒቱ ገንዘብ ዓይን የሚያየው ወጪ ብቻ ነው። እኔ ሱቄን ዘግቼ አስታማሚ እሆናለሁ። ሮሐ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ዳገት ስትወጣና ስትወርድ ትውላለች። ድሩ እንደተወጠረ አቧራ ይለብሳል፣ ለሠርግ ያዘዘው ደንበኛ ሌላ ቤት ይሄዳል። በመጨረሻው ጊዜ ስንወጣ ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርተውኝ "እንዲህ እየተመላለሱ ይህ ልብ ብዙ አይችልም" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ሲያስሉ እኔ ቆሜ እሰማለሁ።

ሲስተር የመጣችው ያኔ ነው። ሳታንኳኳ ገባች፣ ወጡን ቀመሰች፣ ሮሐን አስቀየመች፣ ከዚያ አባባ ወደሚሠሩበት ክፍል ሄደች።

"እንዴት ነዎት ጋሽ ሀብቴ?"

"ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ምላስዎን አልጠየቅሁም፤ እግርዎን ነው።"

"እግሬ ሥራ ላይ ነው" አሉ አባባ፣ መወርወሪያዋን ሳያቆሙ። "አሁን ብነሳ ድሩ ይላላብኛል። ሌላ ቀን ነይ።"

ሌላ ቀን መጣች፣ እግሩ ሥራ ላይ ነው። በሌላም ቀን መጣች፣ እንደዚያው። ሰፈሩ ወሬውን ሰማ፤ ጋሽ ስብሐት የሚኒስትሯ ዓይን የማያየው አንድ እግር በመገኘቱ ያለ ልክ ተደሰቱ።

በመጨረሻ ሲስተር ጫማዋን አወለቀች። ጋዋኗን ወገቧ ላይ ቋጠረች። ምን ልታደርግ ነው ብለን ሳንጨርስ በጎን በኩል ተንሸራታ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። አባባ መወርወሪያዋን ከእጃቸው ጣሉ፤ በዕድሜ ልካቸው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶ አያውቅም። ከድሩ ስር ድምጿ መጣ።

"ኧረ በሥላሴ! ይሄ እግር ነው ወይስ ትራስ?"

"እኔ ደህና ነኝ እኮ…"

"የሚያሸናውን ክኒን ይወስዳሉ?"

"እወስዳለሁ።"

"ጋሽ ሀብቴ፣ እኔ አሁን ያለሁት ከእግርዎ ጋር ነው። እግርዎ አልወሰደም እያለኝ ነው።"

አባባ ቀስ ብለው፣ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሰው፣ ለእኔም ለሐኪሙም ያልነገሩትን ነገሯት። ክኒኑን የሚወስዱት እሑድ እሑድ ብቻ ነው። የሥራ ቀን ከወሰዱ ቶሎ ቶሎ ሽንት ይመጣባቸዋል። ከጉድጓድ ለመውጣት ደግሞ ድሩን ማላላት፣ በእጅ ተደግፎ ወገብን ማንሳት፣ እግርን አንድ በአንድ መሳብ አለ። የጥበቡ ጥለት ላይ ከሆኑማ የክሩ ቁጥር ይጠፋባቸዋልና የጀመሩትን መፍታት ነው። ስለዚህ በራሳቸው ፍርድ ስድስቱን ቀን ለሥራ፣ ሰባተኛውን ለክኒን ሰጡት። ሐኪሙ መድኃኒቱን በትክክል አዘዋል፣ እኛም ሳናጓድል ገዝተናል። ግን የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ጉድጓድ የለም፤ ሐኪሙ ከየት ይዩት?

ትጮህባቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ከጉድጓዱ ልትወጣ ሞከረች፣ አልቻለችም። እንደገና ሞከረች። በኋላ እኔና ሮሐ አንዳንድ እጇን ይዘን ጎትተን አወጣናት፤ ጋዋኗ አፈር ብቻ ሆኖ ነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እየተነፈሰች "ገባኝ" አለች። "እውነትዎን ነው። እኔም ብሆን አልወስደውም ነበር።"

አባቴ ያን ቀን ነው የተሸነፉት። ሐኪሙ ጋር ደወለች፣ ጠየቀች፣ ተፈቀደላት። ከዚያ ወዲህ አባባ ክኒኑን የሚወስዱት ገና ሳይነጋ ለጸሎት ሲነሱ ነው፤ ጉድጓድ የሚገቡት ክኒኑ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ከእንጨት የተሠራ መወጣጫ ደረጃ አስገባን። ሰኞ ሰኞ ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ ኪሎ በድንገት ከጨመረ ውሃ ነውና ሲስተር ወዲያው ትሰማለች። ሮሐም ጨው ቀነሰች። ይህን ሁሉ ያደረግነው በፍቅር ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ያደረግነው ሲስተርን ፈርተን ነው።

ባለፈው ዓመት ወረዳው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ጠራን። አንድ ጨዋ ባለሙያ ግድግዳው ላይ አንድ መስመር አሳዩን። የቤት ለቤት ክትትሉ ከተጀመረ ወዲህ ከሰፈራችን ሆስፒታል የሚተኙ አዛውንቶች ቀንሰዋል፣ ለዚህ ይወጣ የነበረው ገንዘብም ቀንሷል፣ አልጋውም ለባሰበት ሰው ተርፏል አሉን። መስመሩ ከላይ ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል። ሲስተር ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ጮክ ብላ "እሱ መስመር የጋሽ ሀብቴ እብጠት ነው!" አለች። አዳራሹ ሳቀ፣ ባለሙያውም አብረው ሳቁ። አባባ ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ፣ ያንን ቀጭን የሸማኔ እግራቸውን ለተሰበሰበው ሕዝብ አሳዩ። ሰው አጨበጨበ። ብዙ የሚያኮራ ነገር አይቻለሁ፤ የአባቴን ቁርጭምጭሚት ያህል ያኮራኝ ግን የለም።

ይህን ሁሉ ኩራት መስቀል ሊያሳጣን ነበር።

ለጋሞ ሰው መስቀል ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚለፋው ለዚያ ሳምንት ነው። ቅርጫው ደረሰ፣ ክትፎው በቅቤ ራሰ፣ የሚያቃጥለው ዳጣ ቀረበ፣ ዘመድ አዝማድ ቤቱን ሞላው። አባባ ታላቅ ናቸውና ገና ሳይነጋ ጀምሮ ከላይ ተቀምጠው ይመርቃሉ። ሰው ሁሉ ተንበርክኮ ምርቃት እየተቀበለ መሃል ላይ ብድግ ብሎ ሽንት ቤት መሄድ ለእሳቸው የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ክኒኑን ተዉት፤ በዓሉ እስኪያልፍ ነው ብለው ለራሳቸው ነገሩት። እኔም እንግዳ ሳስተናግድ አላየሁም።

በዓሉ አልፎ እንግዶቹ የሄዱ ጠዋት አባባን አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንድ እጃቸው ጫማቸውን ይዟል። ጫማው እግራቸው ላይ አልገባም። ትንፋሻቸው ከበር ላይ ይሰማል።

"አባባ፣ እንዴት አደሩ?"

ያቺን የለመድኳትን መልስ ጠበቅሁ። ቀና ብለው አዩኝ።

"ደህና አይደለሁም" አሉ። "መሠረትን ጥራልኝ።"

ጎልማሳ ሰው ነኝ፤ ይህን ቃል ከአባቴ አፍ ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ፈራሁ። ከፍርሃቱ ስር ደግሞ ደስታ ነበረበት፤ ድሮ ቢሆን ይህን ጠዋት የምንሰማው በአምቡላንስ ጩኸት ነበር።

ሲስተር የዕረፍት ቀኗ ነበር። በበዓል ቀሚሷ፣ ጋዋን ሳትደርብ፣ ዳገቱን በሩጫ ወርዳ መጣች። ደረታቸውን አዳመጠች፣ እግራቸውን ተጫነች፣ ሚዛን ላይ አቆመቻቸው፣ ሐኪሙ ጋር ደወለች። ሐኪሙ ለዛሬ ክኒኑን ጨምሩላቸው፤ እስከ አስር ሰዓት ትንፋሻቸው ካልቀለለ ግን ሳትዘገዩ አምጧቸው አሉ። "አዲሳለም፣ ታክሲ አናግር። ደጅ ይቁም" አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ሐኪሙ ወደ ጎን ጠርተው ያሉኝ ትዝ አለኝ።

ግቢው በሙሉ ሥራ አቁሞ የአንድ ሽማግሌ ሽንት መጠበቅ ጀመረ። ጋሽ ስብሐት በርጩማ ይዘው ሽንት ቤቱ አጠገብ ተቀመጡና ዜና ማስተላለፉን ወሰዱት። "ገቡ!" ይላሉ። ዝምታ ይሆናል። "ወጡ! እንኳን ደስ ያላችሁ!" ይላሉ። ሮሐ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ መልሳ ታለቅሳለች። እኔ በግቢው ወዲያ ወዲህ ስል ሲስተር "አንተ ቁጭ በል፤ ያንተን ግፊት ለመለካት ጊዜ የለኝም" ብላ ተቆጣችኝ። እሷ ግን ከአባባ አጠገብ ንቅንቅ አላለችም፤ ምሳ አልበላችም። ባለታክሲው ሁለት ጊዜ መጥቶ "እንሂድ?" አለ። ሁለት ጊዜም "ቆይ" አለችው።

አስር ሰዓት ሲሆን አባባ ትራስ ሳይደገፉ ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸው ከበር ላይ መሰማቱን ትቷል። ሲስተር ጎንበስ ብላ ጫማውን አነሳችና እግራቸው ላይ ቀስ አድርጋ ሞከረች። ገባ። ክሩን አሰረችላቸው። ጋሽ ስብሐት እንኳ ዜናውን ረሱት።

"እንግዲህ ሆስፒታሉ አልጋውን ለሌላ ይስጠው" አለችና ልትነሳ ስትል ግድግዳውን ያዘች። ግራ ጉልበቷ አልታዘዝ አላት።

"ምነው? ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

አባባ ከአልጋው ላይ፣ ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ በእርጋታ አዩዋት።

"ምላስሽን አልጠየቅሁም" አሉ። "እግርሽን ነው።"

ልትስቅ ሞከረች፣ ሳቋ መሃል ላይ ቀረ። ተቀመጠች። የቀሚሷን ጫፍ ከፍ ስታደርግ ጉልበቷ አብጦ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አየን። ስንት ጊዜ እንዲህ ዳገታችንን እንደወጣችው አልነገረችንም። የእኛን እግር ስታይ ማናችንም የእሷን አይተን አናውቅም። ባለታክሲው ከውጭ "ታዲያ ማንን ነው የምወስደው?" ሲል የሰጠነው መልስ "እሷን" ነው።

ሐኪም እረፊ አላት። በሳምንቱ አባባ የክት ሱሪያቸውን ለብሰው፣ ራሳቸው የሠሩትን ጋቢ ደርበው፣ "እንሂድ እንጠይቃት" አሉኝ። የምትኖረው ከእኛም በላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። ታክሲ ልጥራ ብል እምቢ አሉ። ጥቂት እየሄድን፣ ድንጋይ ላይ እያረፍን፣ ትንፋሻቸውን እያዳመጥኩ ወጣን። ብታየን ሁለታችንንም ትገድለን ነበር። ጓሮ እንኳ መድረስ እስኪያቅታቸው ደክመው የነበሩት አባቴ ያንን ዳገት በእግራቸው ሲወጡ፣ የማያውቃቸውን መንገደኛ ሁሉ አስቁሜ "እዩ፣ እኝህ አባቴ ናቸው" ማለት አማረኝ።

ቤቷ ደረስን። እጄን ለማንኳኳት ስዘረጋ አባባ በከዘራቸው መለሱኝ። በሩን ገፍተው ገቡ። ሲስተር ከሶፋዋ ላይ እግሯን ሰቅላ ተቀምጣ "ኧረ ጋሽ ሀብቴ! በእግርዎ ነው የመጡት?" ብላ ጮኸች። አባባ አልመለሱላትም። በቀጥታ ወደ ማዕድ ቤቷ አለፉ፣ ድስቱን ከፈቱ፣ በማንኪያ ጫፍ ቀመሱ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ጨው በዝቶበታል" አሉ።

እኔም ቀመስኩት። ጨው የሚባል ነገር አልነካውም።